በሐምሌ በረዶ የያዘው ካራቫን

ሒክማ ካራቫኑን፣ በመኪና የሚጎተተውን ቤት፣ የገዛችው ከጅቡቲ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ ፈረንሳዮች ነበር። ሄሮን ሰፈር ከሚገኘው ግቢያቸው በፒክአፕ አስጎትታ ዋራበሌ ሰፈር እናቷ ቤት አጠገብ አቆመችው። ውስጡን አጠበችው፣ ትልቅ መስታወት ሰቀለችበት፣ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ስስ ሮዝ ጨርቅ አልብሳ የሙሽሮች ማስዋቢያ አደረገችው። ሰፈሩ ሳቀባት። ድሬዳዋ ያለው አጎቷ ሳይቀር ደውሎ «ሙሽራ በጋሪ ትሄዳለች እንጂ ጋሪ ውስጥ ትኳላለች እንዴ?» ብሎ ቀልዶባታል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ኳርቲየ ስድስት ከሚባለው ሰፈር ድረስ ሙሽሮች ይመጡላት ጀመር። ያመጣቸው እጇ ብቻ አይደለም፣ ጣሪያው ላይ የተቀመጠው ክሊም፣ አየር ማቀዝቀዣውም ነው። የጅቡቲ ሐምሌ ፊት ላይ የተቀባን ነገር ሁሉ አንገት ላይ ያወርዳል፤ የሒክማ ካራቫን ውስጥ ግን ሙሽራዋ ሻል ልደርብ እስክትል ድረስ ይቀዘቅዝ ነበር።

ይህ ክሊም ሁዳ የምትዳርበት አርብ ጠዋት አጥንት እንደሚግጥ ውሻ ማጓራት ጀመረ።

ሁዳ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። ከቤተሰቧ መለየቱ ከብዷት ስታለቅስ ከርማ ዓይኖቿ አብጠው ነው የመጣችው። ገና ወንበሩ ላይ ከመቀመጧ ንፋሱ ደከመ፣ ጉርምርምታው ባሰ። ሒክማ በርጩማ ላይ ቆማ በክሊሙ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየች። ነጭ በረዶ ግጥም ብሎ ጋግሯል። ውጭ አርባ ሁለት ዲግሪ ነው።

ጠጋኙ ሙሚን ጋ ደወለች። «በረዶ ከሠራ ጋዝ አንሶታል፤ ወይም ሞተሩ ሊሞት ነው» አላት። «ሲመሽ መጥቼ አየዋለሁ።»

ሙሽራዋ አስር ሰዓት ላይ መውጣት አለባት። በር ላይ የቆመው ወንድሟ ኡበይድ የመኪናውን ቁልፍ እያንቀጫቀጨ «ሆቴል ውስጥ ያለው የውበት ሳሎን ልውሰዳት» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ሒክማ ግን የሰፈሯን አፍ ታውቀዋለች። ሙሽራ ከወንበሯ ተነሥታ ሌላ ቤት ሄደች ከተባለ ዋራበሌ ወሬውን ለዓመት ያኝከዋል።

ያኔ አልጋነሽ ትዝ አለቻት። አልጋነሽ የወሎ ሴት ናት፣ ሃምሳን አልፋለች። ፈረንሳዮቹ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ በዚሁ ካራቫን ታጁራም አሳል ሐይቅም አብራቸው ከርማለች። አሁን እዚያው ሄሮን ሌላ ቤት ተቀጥራለች፣ አርብ ዕረፍቷ ነው።

«ስሚኝ አልጋነሽ» አለቻት ሒክማ ደውላ። የሒክማ ቤተሰብ የድሬዳዋ ነው፣ እዚያ አንቱታ የለም፤ አልጋነሽም ከለመደችው ቆይታለች። «ይሄ ክሊም በረዶ ጋግሮ ያጓራል። ሙሽራ ይዣለሁ።»

«ማቀዝቀዙን አጥፊው። ንፋሱ ብቻ ይዙር።»

«ልንቀቀል ነው?»

«ትንሽ ተቀቀሉ። መጣሁ።»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሚኒባስ ወርዳ ደረሰች። የያዘችው ፌስታል ብቻ ነው፤ ውስጡ ካቻቢቴ፣ የብሎን መፍቻና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለበት። ሰላምታ ሰጥታ ሳትጨርስ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተተከለ።

«ይሄን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሒክማ። በእጇ ሦስት ቀን ሙሉ የሰፋችው ነው።

«ያምራል። ግን አፍንጫውን አፍነሽዋል።» አልጋነሽ ጨርቁን በጣቷ ገፋ አድርጋ አሳየቻት። «በዚህ የቤቱን አየር ይስባል፣ አቀዝቅዞ በዚያ ይተፋል። የሚስበው ካጣ ቅዝቃዜው ራሱ ላይ ይቀራል፣ በረዶ ይሆናል። የሚያጓራው ደግሞ ማራገቢያው በረዶውን እየፋቀ ነው።»

ሒክማ «ሁለት ወር ሙሉ ሲሠራ አልነበር?» ልትል አፏን ከፈተች። አልጋነሽ ግን ክዳኑን ፈትታ አቧራ የሚይዘውን ፊልተር እየሳበች ነበር። የወጣው ነገር ብርድ ልብስ ይመስላል፤ ዱቄቱ፣ የፀጉር ስፕሬዩ፣ ብናኙ አንድ ላይ ተለጥፏል፣ ቀለሙ እንኳ ሮዝ ነው።

«ሙሽሮቹን ብቻ መስሎሽ ማሽኑንም ስትኳይው ከርመሻል» አለች አልጋነሽ።

ሁዳ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሒክማም ልትቆጣ አስባ ሳቁ አሸነፋትና መቀስ አነሣች። ጨርቁን ሌላ ሰው እንዲቆርጠው አልፈለገችም። በርጩማው ላይ ወጥታ በክሊሙ ዙሪያ ያለውን በሙሉ ራሷ ቆርጣ አወረደችው።

ፊልተሩን ኡበይድ ቧንቧ ላይ አጥቦ ፀሐይ ላይ አቆመው፤ እጁን ሳያደርቅ ፊልተሩ ደረቀ። ከላይ የሚንጠባጠበውን በሳፋ ተቀበሉት። ድንገት አንድ ጡብ የሚያክል በረዶ ተገምሶ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። አልጋነሽ የሁዳን ዓይኖች አየቻቸው። በረዶውን ሰባብራ ፌስታል ውስጥ ቋጠረች፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ «ቀና በይ» ብላ ዓይኗ ላይ አኖረችላት።

ኡበይድ ሰዓቱን አየ። «እንሂድ እንዴ ሁዳ?»

«የትም አልሄድም» አለች ሁዳ ከፎጣው ሥር። «ከሰሞኑ ሁሉ አሁን ገና ደላኝ።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ በረዶው አለቀ። አልጋነሽ ውስጡን በብሩሽ አጽድታ፣ ፊልተሩን መልሳ አስነሣችው። ንፋሱ ጉልበት አግኝቶ ወጣ፣ ቅዝቃዜውም ተከተለ። ግን አሁንም ትርርር የሚል ድምፅ ቀረ። እንግዲህ ሙሚን እንዳለው ሞተሩ ሊሞት ነው አለች ሒክማ በልቧ።

አልጋነሽ መዳፏን ጣሪያው ላይ ጫን አደረገች፤ ድምፁ ጠፋ። አነሣችው፤ ተመለሰ።

«ከሄሮን እስከዚህ ስታስጎትቺው መንገዱ ብሎኖቹን አላልቷቸዋል። አራት ናቸው።» እያንዳንዱን በትንሽ በትንሹ አጠበቀች። «ከመጠን በላይ እንዳታጠብቂ፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ይጨፈለቅና ዝናብ ያስገባል። ደግሞ አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ አታድርጊው። ሃያ አራት ይበቃል። በሩም ይዘጋ፣ የባሕሩ እርጥበት ገብቶ ነው በረዶ የሚሆነው።»

ካራቫኑ ጸጥ አለ። የሚሰማው የንፋሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሒክማ ሥራዋን ጀመረች። የሁዳ ዓይኖች እብጠታቸው ጎድሏል፤ ኩሉም እንደተሳለ ቀረ። ኡበይድ በመገረም «ማን አስተማረሽ?» ብሎ አልጋነሽን ጠየቃት።

«የካራቫኑ ጌታ የነበረው ፈረንሳዩ ሙሴ ፖል መጽሐፉን እያነበበ ይነግረኝ ነበር፣ ብሎኑን የማጠብቀው እኔ። ከፍታ ይፈራ ነበርና።»

ሁዳ ቀሚሷን ሰብስባ ከወንበሩ ስትነሣ የአልጋነሽን እጅ ያዘች። «ሠርጌ ላይ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ።»

«በዚህ ልብስ?» አለች አልጋነሽ፣ የራሰ ቀሚሷን እያየች።

ሒክማ ከእናቷ ቤት ዲሪዕ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስ አምጥታ አለበሰቻትና ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። አልጋነሽ እንዲህ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ፀጉሯ ሲታበጠር፣ ቅዝቃዜው ፊቷን ሲዳስሳት እንቅልፍ ወሰዳት። ሒክማም ሳትቀሰቅሳት ቀስ ብላ ፊቷን አሳመረችላት፤ ኩሉን ብቻ ለመጨረሻ አቆየችው።

ስትነቃ ሒክማ ኩሉን ሳለችላት፤ አልጋነሽም መስታወቱን ተመለከተች።

«አሠሪዬ ማዳም ብታየኝ ማን እንደሆንኩ አታውቅም፤ በሩን አትከፍትልኝም» አለች።

ሁዳን አድርሶ የተመለሰው ኡበይድ ከውጭ ጡሩምባውን ነፋ። ሁለቱ ሴቶች ክሊሙን አጥፍተው፣ ካራቫኑን ቆልፈው ወደ ሠርጉ ሄዱ።