የቱሪያ ዕረፍት

የጥፍር ሥራ ልማር ነው ስል የባለቤቴ ወንድም በቀለ ሳቀብኝ። «ሃያ ሦስት ዓመት ወረቀት ስታገላብጪ ኖረሽ፣ አሁን የሰው እግር ልታጥቢ?» አለኝ። እግር ማጠብ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ እግሩን ለካህን ዘርግቶ የሚታጠብ ሰው፣ እኔ ሳጥብ ያፍርልኛል! ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። ምሳውን ሳይጨርስ ሄደ፤ አልቆጨኝም።

የምሠራበት ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ የሰው ኃይል ክፍል ነበርኩ። የዕረፍት ፎርም የሚያልፈው በእኔ እጅ ነው፤ የዓመት፣ የወሊድ፣ የሕመም፣ የሐዘን። የሌሎቹን የስንብት ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የራሴን ጻፍኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሦስት ወር ተማርኩና ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው የማርቲ የውበት ሳሎን ለአንድ ሳምንት ሙከራ ተቀበለኝ።

ማርቲ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልጄ ልትሆን ትችል ነበር። ንግግሯ ግን አጭር ነው። «ይርጌ፣ እስከ ቅዳሜ ማንም ካላማረረብኝ ወንበሩ ያንቺ ነው። አንድ ሰው ካማረረ ግን ይቅርታ፤ እኔ ትምህርት ቤት አልከፈትኩም።» አልከፋኝም። ቁርጡን የሚነግር ሰው ከማይገኝበት ቢሮ ነው የመጣሁት። ወንበሩን ፈለግኩት። ቀሪ ዕድሜዬን ቤት ተቀምጬ «ድሮ እንዲህ ነበርኩ» እያልኩ መጨረስ አልፈለግኩም።

ማክሰኞ ማርቲ ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ብቻዬን ሳለሁ ቱሪያ ገባች። ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ፣ የማርቲን ደንበኞች ግማሹን ያመጣች ሴት ናት። ገና ሳትቀመጥ እጇን ዘረጋችልኝ።

«አዲስ ነሽ አይደል? ቀይ ቀቢኝ። የእህቴ ልጅ ኒካ አለ፣ ልትዳር ነው። ዕረፍት ላይ ነኝ፣ እስከ ቅዳሜ።»

ዕረፍት! ከወራት በኋላ የማውቀውን ቃል ሰማሁ። «የዓመት ነው?» አልኳት።

ቱሪያ ወንበሩ ላይ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «የዓመት! አቦ፣ እኛ በየወሩ ነው የሚሰጠን!»

የገበያ ሴቶች ተራ ገብተው በየወሩ እየተተካኩ ያርፋሉ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከፋብሪካችን አስተዳደር የተሻለ ጭንቅላት አላቸው ብዬም በልቤ አደነቅኳቸው። ዕረፍት ላይ ያለች ሴት ደግሞ ቀለሟ በሁለት ቀን ሊላጥባት አይገባም። ስለዚህ በአሴቶን ጠረግ የሚደረገውን ተራውን ኩቴክስ ትቼ ጄል ያዝኩ። ጄል ሦስት ሳምንት አይነቃነቅም።

እጇን ጄሉን የሚያደርቀው መብራት ሥር ሳስገባ «ይኼ ደሞ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ማድረቂያ።»

አልዋሸሁም፤ ግን ጄል መሆኑን አልነገርኳትም። ስልኳ ጮኸና ወሬ ጀመረች። ስትወጣ ጣቶቿን ብርሃን ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «ማሻአላህ! እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። እጄን እንዲህ ብሎ የመረቀልኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ለፊርማ ማን ይመርቃል?

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

«ማርቲ! የት አለች ያቺ ሴትዮ?»

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀዩ ጄል ዙሪያው ተቦጫጭሯል፤ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ላይ ግን ከነጥፍሩ ገጽ ተልጦ ቆዳው ቀልቷል።

«ጎህ ሲቀድ ታጠብኩ። አንድ ጠርሙስ አሴቶን ጨረስኩ፣ አልለቅ አለኝ። በቢላ ፋቅኩት። የሱብሂ ሶላት አመለጠኝ፣ ወላሂ! ዕረፍት ላይ ነኝ አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል!» አልኩ፤ ድምፄም ከፍ አለ፣ ልማዴ ነው። «ለዚህም ነው የሚቆየውን የቀባሁሽ! ከሥራ ዕረፍት ወጥታ ቀለሟ ለምን ይላጥባት ብዬ...»

ቱሪያ ማርቲን አየቻት። ማርቲ ግንባሯን ያዘች።

«ይርጌ» አለች ማርቲ ቀስ ብላ፣ «ከሥራ አይደለም። ከሶላት ነው። የወር አበባ ላይ ነኝ ማለቷ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ድሬ ተወልጄ ድሬ ነው ያረጀሁት። ግራ ቀኝ ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት እንደማትሰግድ አውቃለሁ። ለሶላት ስትታጠብ፣ ውዱእ ስታደርግ፣ ውሃው ጥፍሯን መንካት እንዳለበት፣ ሂና እንደማያግደው፣ ቀለም ግን እንደሚያግደው አውቃለሁ። ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ቢሮው ወስዶብኝ ነበር። ዕረፍት ሲባል ሦስት ኮፒና ማኅተም ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ሁለቱም እኔን ይጠብቃሉ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ሲሆን የምንጽፈው ይታወቃል፦ «ስሕተት ተፈጥሯል።» ማን ፈጠረው? ማንም። እንደ ዝናብ ከሰማይ ወረደ! ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ዐረፍተ ነገር ስንቱን ሰው ሸኝቻለሁ፤ አሁንም ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ማርቲ ሞረዱን አነሳች። «ተነሺ ይርጌ፣ እኔ ላውልቅላት።»

«የለም» አለች ቱሪያ፣ አሁንም እንደተኮሳተረች። «የሠራችው ታፍርሰው።»

የላዩን ገጽ በሞረድ ፋቅኩ። በአሴቶን የራሰ ጥጥ እያንዳንዱ ጥፍር ላይ አድርጌ በፎይል ጠቀለልኩ። ቀልታ ያየኋትን ጣት ብቻ ዘይት ቀብቼ ተውኳት። አሁን ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። ቱሪያ ዘጠኝ ብርማ ጣቶቿን አንስታ ተቀመጠች። ስልኳ ሲጮህ ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት፤ ለባሏ ለዮኒስ «ጥፍሬ ታስሯል፣ በኋላ ደውል» አለችው። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ በሶፍት ጠረግኩላት። ሻሿ ሲንሸራተት መለስኩላት።

«አፍንጫዬን» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ወደ ቀኝ። በርታ በይ፣ ጥፍር የለሽም እንዴ?»

አከኩላት። መሳቅ ፈልጌ ፈራሁ።

ትንሽ ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው ዕረፍት ይለዋል» አለች። «ለኔ ግን አያሳርፈኝም። መስገጃዬ ተጠቅልሎ ሳየው ቤቴ ውስጥ እንግዳ የሆንኩ ይመስለኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ግንባሬን መሬት ሳስነካ ነው ለሷ ዱዓ የማደርገው። አምስት ቀን ስጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ሱብሂ ላይ ልነግራት የፈለግኩት ነገር ነበር።»

ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እጇን ከክንዷ በታች ደግፌ ያዝኩላት፤ ዘርግታ ደክሟት ነበር።

አንድ በአንድ ፈታሁ። ጄሉ እንደረጠበ ወረቀት ተሸብሽቦ በትንሿ የጥፍር እንጨት ገፋ ሳደርገው ወጣ። ስምንተኛውን ስጨርስ የዙህር አዛን ተሰማ። የመጨረሻው፣ የቀኝ አውራ ጣቷ፣ ግን እምቢ አለ።

«ሳቢው!» አለች።

«አልስብም።»

«አዛን እኮ ነው!»

«ከሳብኩት ጥፍርሽ ይነሳል። የቀትሩ ዙህር፣ የአስር ሶላት እስኪገባ ድረስ ጊዜ አለው፤ አምስት ደቂቃ ስጪኝ።»

«አንቺ ደሞ ሼህ ሆንሽ!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከንፈሯ ተፈታ። ማርቲ ከኋላ ሳቋን አፈነችው።

አውራ ጣቷን እንደገና ጠቀለልኩ። አምስት ደቂቃ በሰዓት ቆጠርኩ። ሲፈታ ቀዩ በአንድ ቁራጭ ወጣ፤ ሥሩ ጤነኛ ጥፍር ነበር።

ቧንቧው ውሃ አልነበረውም። ጓሮ ከበርሜሉ በጆግ ቀድቼ አፈሰስኩላት። እጇን ስትታጠብ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ እያሻሸች ውሃውን አስነካቻቸው፤ የቆሰለችው ትንሿ ጣት ላይ ውሃው ሲደርስ ሁለታችንም አንድ ላይ «እስ» አልን። እግሯ ላይ ሳፈስ ጎንበስ አልኩ። በቀለ ቢያየኝ ምን ይል ነበር? ይበል።

ከመጋረጃው ጀርባ ሰገደች። ግንባሯን መሬት ያስነካችበት ሱጁድ ረዘመ። ማርቲ ራዲዮኑን አጠፋች፤ እኔ ፎይሉን ሰበሰብኩ፣ ጠረጴዛውን ጠረግኩ፣ ቦርሳዬንም አነሳሁ። አንድ ሰው አማርሯል፤ ውሉ ግልጽ ነበር።

ቱሪያ ወጥታ ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ባዶ እጆቿን ፎጣው ላይ ዘረጋች። «እንዲህ ተቦጫጭሬ ገበያ ልግባ? አስተካክሉልኝ እንጂ፣ ቀለም ሳይነካው።»

ማርቲ ሞረዱን ከጠረጴዛው አነሳች። ቦርሳዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ሞረዱን አቀበለችኝ።

ቶሎ ቶሎ ሞረድኩ።

«ቀስ በይ እንጂ» አለች ቱሪያ። «ማን ያባርርሻል?»

«ማንም» አለች ማርቲ፣ ምሳ ልታዝዝ ወደ በሩ እየሄደች።