ወረቀት የተለጠፈባቸው ወንበሮች

«ጋሽ ቶሌሳ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ሠርካዲስ።

ጋሽ ቶሌሳ ፕላስተር በጥርሳቸው ነክሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት የእድር ሊቀመንበር ናቸው፤ የልደታ ድንኳን ያለ እሳቸው ቆሞ አያውቅም። በሳልስቱ ማለዳ፣ ከልጅ ልጃቸው ደብተር የገነጠሉትን ወረቀት ከፊት ባሉት አሥር ወንበሮች ላይ ይለጥፋሉ። በያንዳንዱ ላይ «የተያዘ» ይላል።

«የኦርኬስትራው ኃላፊዎች አሥር ሆነን እንመጣለን ብለው ደውለዋል። እንግዳ ቆሞ ሰፈራችን ይታማ?»

ሠርካዲስ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወረቀቶቹን አየች። ባሏ ፍሬምናጦስ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እስካሁን ያለቀሰችው ሰው ሲያለቅስ ብቻ ነበር። አሁን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ነደደ። እንባ ግን አልነበረም። ያንን ቃል ታውቀዋለች።

ፍሬምናጦስ በከተማው ኦርኬስትራ ሃያ ሁለት ዓመት ቼሎ ተጫውቷል። ሰፈሩ «ያ ትልቁ ማሲንቆ» ከማለት በቀር የመሣሪያውን ስም እንኳ በቅጡ አይጠራም። የዛሬ አምስት ዓመት፣ አንዴ ይስሙኝ ብሎ ከደሞዙ አሥራ ሁለት ትኬት ገዝቶ የእድሩን ሴቶች ጋበዘ። ሴቶቹ የጥምቀቱን ቀሚስ አወጡ። እንዳለች የምትባለው ጎረቤቷማ ጫማ ተበድራ መጣች።

አዳራሹ ሲደርሱ ከፊት አራት ረድፍ ባዶ ነው። ሊቀመጡ ሲሉ አስተናጋጇ ወረቀቱን አሳየቻቸው። «የተያዘ ነው እናቴ፤ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነው።» ከኋላ፣ ምሰሶ ሥር ተደረደሩ። ኃላፊዎቹ እስከ መጨረሻው አልመጡም። ፍሬምናጦስ ለአራት ረድፍ ባዶ ወንበር ሲጫወት ሠርካዲስ የምታየው ክርኑን ብቻ ነበር።

«ወንበሮቹ ግን ጨዋ ናቸው» አለች እንዳለች ሲመለሱ፣ ታክሲ ውስጥ። «አንዱም አላሳለም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ፍሬምናጦስ አልሳቀም። «በነፃ የተሰጠው አይመጣም፤ የተከፈለለት አይቀመጥም» አለ ቼሎውን በጉልበቱ ደግፎ።

በሚቀጥለው ጊዜ ትኬት ይዞ ሲዞር እንዳለችን እግሯን አመማት፤ ሌላዋ እንግዳ መጣባት፤ አሥራ ሁለቱም ምክንያት አላጡም። በሌላውም ሰፈር እንዲሁ ሆነ መሰል፣ አዳራሹ እየሳሳ ሄደ። ገቢው ለአዳራሹ ኪራይ አልበቃ አለ፤ ደሞዝ ወር እየዘለለ መጣ። ፍሬምናጦስ የተበጠሰ አውታር ቋጥሮ መጫወት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለመለኮት ግን በየስብሰባው «ሕዝባችን ለዚህ ሙዚቃ ጆሮ የለውም» ይሉ ነበር።

እኒሁ ሰው በሳልስቱ ቀትር ላይ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ ብቻቸውን። ዘጠኙን ስብሰባ ይዟቸዋል። ከማለዳ ጀምሮ ንፍሮ ሲቀቅሉ የዋሉት ሴቶች ዳር ዳሩን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ዘጠኝ ወንበር ባዶውን ቀረ።

«ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ በስማቸው የመታሰቢያ ኮንሰርት እናዘጋጃለን። ቼሏቸውን መድረኩ ላይ እናቆመዋለን፤ እሱንም ልወስድ ነው የመጣሁት። ጥሪው ለየመሥሪያ ቤቱ ተበትኗል።»

«ፊት የሚቀመጠው ማነው?»

«ያው የክብር እንግዶች ናቸዋ።»

«ጎረቤቶቹስ?»

«ቦታ ከተረፈ ደስ ይለናል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሕዝቡ ለዚህ ሙዚቃ...»

«ጆሮ የለውም» ብላ ጨረሰችላቸው። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ድንኳኑ ጥግ ካርታ የሚጫወቱት ለቀስተኞች ግን ካርታቸውን አስቀመጡ። «ጆሮስ ነበረው፤ እናንተ ወንበር ነፈጋችሁት። ለብሰው አምረው የመጡ ሴቶችን ምሰሶ ሥር ወሸቃችኋቸው። ባሌን ዕድሜውን ሙሉ ለወረቀት አስጫወታችሁት። ቼሎው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ኧረ ሠርካዲስ፣ እንግዳ ነው» አሉ ጋሽ ቶሌሳ።

ከፍራሿ ተነሥታ የመጀመሪያውን ወረቀት ላጠች። «እንዳለች፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ሠርኬ፣ እኔ እኮ እጄ...»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

ሴቶቹ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ አንድ በአንድ መጡ። አቶ ኃይለመለኮት ወንበራቸው ጫፍ ላይ ቀርተው ጫማቸውን ያያሉ። ጋሽ ቶሌሳም ራሳቸው የለጠፉትን ይልጡ ጀመር። ስምንት ወንበር ሞላ። ዘጠነኛው ላይ እጃቸውን ሲሰዱ ሠርካዲስ ያዘቻቸው።

«እሱ ይቆይ ጋሽ ቶሌሳ። የሱ ነው።»

ፍራሿን ጎትታ ከባዶው ወንበር ሥር ተቀመጠች። የወረቀቱ አንድ ጫፍ ተላቆ ነፋስ ያርገበግበዋል። በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ መለሰችው፤ ጣቷን ግን አላነሣችም።