መካ አይረክስም

ጅዳ ውስጥ የሕገወጥ ስደተኞች አፈሳ በተጀመረ በሳምንቱ የጉለይል ሰፈሩ አከራይ የክፍሉን ኪራይ እጥፍ አደረገው። «ኢቃማ የሌለውን ማስጠለል ወንጀል ነው፤ ወንጀል ደግሞ ዋጋ አለው» አለ። ከወሎ በየመን በኩል ተሻግሮ የመጣው ሲሚንቶ ተሸካሚው ሐሚድ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበረው፣ እዚያው ቆሞ መካ ላለው ያገሩ ልጅ ሙሐመዲን ደወለለት።

«እዚህማ ዘምዘም በነፃ፣ ተምር በነፃ» አለ ሙሐመዲን። «ኪራዩም የጅዳ ግማሽ ነው።»

ሐሚድ ስልኩን ዘግቶ አብሮት ለሚኖረው ለኢድሪስ «መካ ይረክሳል» አለው።

ኢድሪስ መስገጃው ላይ እንዳለ ዞረ። «አስተግፊሩላህ በል። መካ አይረክስም። ኑሮው ይቀላል በል።»

«እሺ፣ ኑሮው ይቀላል።»

መንገዱ ላይ ፍተሻ ስላለ ሐሚድ ሁለት ነጭ ጨርቅ ገዝቶ ዑምራ እንደሚሄድ ሰው አገለደመ። ታክሲው ውስጥ አንድ የመናዊ ሽማግሌ «ለበይክ» ሲሉ እሱ ከሳቸው በላይ ጮኸ። ወታደሩ በመስኮት አጮልቆ አየውና «ዱዓ አድርግልኝ» ብሎ አሳለፈው። ሐሚድም ከልቡ አደረገለት፤ ሩቅ አገር እንዲያዛውሩት።

መካ ሲደርስ ኪራዩ እውነትም ግማሽ ነበር። ክፍሉም ግማሽ ነበር፤ ሰባት ሰው በተራ ይተኛበታል። ዘምዘሙን ለመቅዳት ደግሞ በፖሊስ መሃል ማለፍ ግድ ነው።

«ዋሸኸኝ» አለ ሐሚድ።

«አልዋሸሁም። ለኪራዩ አንድ ሰው ጎድሎን ነበር።»

ሐሚድ ኩርፊያውን ሳይጨርስ ሥራ ጠፋ፤ ቅጣት የፈራ አሠሪ ሁሉ በሩን ዘጋ። ሙሐመዲን «ኸላስ፣ በቃ፣ እጃችንን እንስጥ። በነሱ ወጪ አገራችን እንግባ» አለ። ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

በረኛው ፖሊስ በድካም አያቸው። «ሞልቷል። ቡክራ፣ ነገ ኑ።»

«ኢቃማ እኮ የለንም» አለ ሐሚድ፣ ፖሊሱ ያልገባው መስሎት።

«አውቃለሁ። ቡክራ።»

ሲመለሱ መኝታቸው ለሌላ ተከራይቷል። በማግስቱ በጧት ሲሄዱ ሰልፉ መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ሐሚድ ቆሞ ሲጠብቅ እናቱ ጋ ደወለ፤ የሙሐመዲንን ወሬ ሁለተኛ ላያምን ምሏል።

«እማዬ፣ እዚያ ኑሮ እንዴት ነው?»

«ተወዷል ልጄ» አለች። ቀጥላም «ግን ና» አለችው።

ሐሚድ ፊቱን አጠገቡ ወዳለው ግድግዳ አዞረ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ሙሐመዲን የሁለቱንም ሻንጣ አነሳ።