ማንኪያው ላይ የቀረው ቅቤ

ጎመን መሥራት ደግሞ ምን ጣጣ አለው? ታጥቦ ይከተፋል፣ ይቀቀላል፣ በሽንኩርትና በዘይት ይታሻል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጣል ይደረግበታል፤ አለቀ። ታቢታ ግን ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ወጥ ቤት ስትገባ ስትወጣ ነው የዋለችው።

ምን ታድርግ፣ አማቷ መጥተዋል። ወይዘሮ እታፈራሁ ልጃቸው ሰለሞን የጴንጤ ልጅ ሲያገባ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው፣ ከሠርጉ ድንኳን አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምሱ የተመለሱ ሴት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ሐዋሳን አልረገጧትም። አሁን የመጡት ፍልሰታን እዚህ ጾመው፣ በመጨረሻው ሊቆርቡ ነው። ሰለሞን ጠዋት ፒያሳ ወዳለው ሱቁ ሲወጣ፣ «እማዬ ዛሬ ያንቺን ጎመን እቀምሳለሁ ብላለች፤ አደራሽን» ብሏት ሄደ። አደራው ነው የገደላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አማቷ ከቅዳሴ ተመለሱ። ታቢታ ጎመኑን እንጀራው ላይ አውጥታ አቀረበች። እሳቸው ቆመው ጸሎት ሲጀምሩ ማንኪያውን ላጥብ ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ማንኪያው ላይ ቢጫ ቅባት አለ። ቀና ስትል የቅቤው ጣሳ ክዳኑ ተከፍቷል።

በእናቷ ቤት ጎመን ከእሳት ሊወርድ ሲል አንድ ማንኪያ ቅቤ ይገባበታል። እዚሁ ሐዋሳ ዳር ቡሹሎ ተወልዳ ስታድግ ያየችው ይህንኑ ነው። ልቧ እንግዳዋ ጋ ነበር፣ እጇ የለመደውን አደረገ።

ብናገር፣ ሆን ብላ ጾሜን ልታስገድፈኝ ነበር ይላሉ። ዝም ብል ደግሞ ይበሉታል፣ ሄደውም ይቆርቡበታል። ግን የቅቤው የኮረሪማ ሽታ ከበር ይጣራል እኮ፤ እንዴት አልሸተታቸውም? አውቀው ነው፣ እየፈተኑኝ ነው ብላ አሰበች፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት።

ጸሎቱ አለቀ። ማንኪያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ስታይ፣ አሮጊቷ ጎመኑን በእንጀራ ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው ግን አልወሰዱትም። ወደ እሷ ዘረጉት።

«ነይ፣ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ አንቺን ላጉርስሽ።»

ልጄ ብለዋት አያውቁም። ጎርሳ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሦስት ዓመት የጓጓችለት ቃል ነው፣ አፏን ብትከፍት የሚጠፋው።

«አይብሉት፣ እማማ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «ቅቤ ገብቶበታል። ሳላውቀው ነው። እጄ ለምዶበት ነው።»

የአሮጊቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ፣ ልክ እንደ ሠርጉ ቀን፣ ለታቢታ ከወዲሁ ታያት።

እሳቸው ግን ጉርሻውን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ትንፋሻቸውን ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ከዚያ እንጀራው ላይ መልሰው አኖሩት።

«አይሸተኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ክፉ ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ፣ ይኸው አራት ዓመቴ፣ የጾሙን ከፍስኩ መለየት አልችልም። ቀምሼም አልለይ። ሠርጋችሁም ታኅሣሥ ላይ ነበር፣ ጾም። ንቄሽ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ለሰለሞን እንኳ አልነገርኩትም።»

ታቢታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ይህን ሁሉ ዘመን የፈራቻቸው ሴትዮ ለካ እሳቸውም ሲፈሩ ኖረዋል።

«ያልቀቀልሽው ጎመን ተርፎሻል?»

«ግማሽ እስር አለ።»

«በይ ተነሺ።»

ቅቤውን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀለችው። ሌላ ድስት፣ ሌላ ማንኪያ አጠበች፤ አንዴ የታጠበውን ደግማ አጠበች። ጎመኑን ይዛ ስትመጣ አሮጊቷ እጃቸውን አልዘረጉም፤ ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«አሸተትሽው?»

ድስቱን ከፍታ አጎነበሰችና ደህና አድርጋ አሸተተች።

«አሽትቼዋለሁ፣ እማማ። ዘይት ብቻ ነው።»

«እንግዲያው አቅርቢው» አሉና ጎረሱ።