ቡፌው ውስጥ የበቀለው

ሙላው አይዋሽም። ይህን የሚያደንቁለት ግን አብረውት የማይኖሩ ሰዎች ናቸው። ሚስቱ ሂሩት እንግዳ ጠርታ፣ ሁሉም «እጅሽ ይባረክ» ሲላት፣ እሱ «ጨው በዝቶበታል» የሚል ባል ይዛ ሃያ አምስት ዓመት ኖራለች። ቸርች ውስጥ «መዝሙሬ እንዴት ነበር?» ብላ የጠየቀችውን ወጣት ዘማሪ «መጀመሪያው ላይ ድምፅሽ ከድቶሻል» ብሎ አስለቅሷታል። ሚኒሶታ፣ ፍሪድሊ በምትባል ከተማ ውስጥ የሕክምና ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ እዚያም የራሱን ስህተት ተቆጣጣሪው ሳያየው ሄዶ ይናገራል። አለቃው ይወደዋል። ከጎኑ የሚሠሩት ስለሱ ሲጠየቁ ትንሽ ያስላሉ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለወግ ያህል ነው የሚጠቅሰው፤ ሙላው ላይ ግን ደርሶበታል። ልጁ ይዲድያ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ቤት የገባ ሰሞን፣ ሙላው እሁድ በጸሎት ሰዓት ተነሣና «ወገኖች፣ ልጄ ትምህርቱን ጥሎ ቤዝመንት ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ጸልዩልኝ» አለ። በነገሩ ላይ አንድም ቃል አልጨመረም። ይዲድያ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ከዚያ እሁድ በኋላ ቸርች አልረገጠም፤ አባቱንም ከ«ኦኬ» እና ከ«ፋይን» በቀር አላናገረውም። አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆድና ጀርባ ሆነው ሦስት ክረምት አለፈ።

ቤዝመንት ውስጥ አሮጌ ቡፌ ነበር። ሂሩት አሜሪካ በገባች ሰሞን ከመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችው ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ማንም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ተደርድረውበት ዓመታት ሳሎን ቆሟል። አዲስ ዕቃ ሲገዛ ወደ ታች ወረደ። ይዲድያ አንድ ቀን ብርጭቆዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከተተ። መደርደሪያዎቹን ነቀለ፤ መስታወቱን ከውስጥ በኩል በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሸፈነው፤ ጀርባውን በስቶ ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣትን ማራገቢያ ገጠመበት፤ ከላይ መብራት ሰቀለ። ከዚያ ሁለት የካናቢስ ተክሎች አስገባና ቆለፈበት። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው ቤቱ ውስጥ ማብቀል ይፈቀድለታል፤ ተቆልፎ ይቀመጥ ነው የሚለው ሕጉ።

ሂሩት ሽታ ተከትላ ወርዳ ስትደርስበት ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

«ሊጋል ነው እማ። ሉክ ኢት አፕ» አላት ይዲድያ።

ፈልጋ አየች፤ እውነቱን ነው። አለቀሰች፣ ጸለየች፣ በመጨረሻም ዝም አለች። ሙላውም ዝም አለ። ልጁ ትምህርቱን ከተወ ወዲህ በእጁ ጀምሮ የጨረሰው ነገር ይኸው ቡፌ ብቻ ነው፤ አውጣልን ቢሉት ደግሞ ሻንጣውንም አብሮ እንደሚያወጣ ሁለቱም ያውቃሉ።

በዚያው ሰሞን የሙላው እናት ነገር መጣ። ወይዘሮ ማሚት ሰማንያን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ሆሳዕና ከተማ ከሴት ልጃቸው ከፀሎት ጋር ይኖራሉ። የፀሎት ባል ካናዳ ነው፤ የእሷም ጉዳይ አልቆ ልትሄድለት ነው። እናትየው ብቻቸውን ሊቀሩ ሆነ። ሂሩት ሲቲዝን ብትሆንም ለአማት ማመልከት አይቻልም፤ ለእናት የሚያመለክት ልጅ ነው፣ እሱም ሲቲዝን ከሆነ። ሙላው ደግሞ ፈተናውን እየፈራ ዓመት በዓመት ሲያስተላልፍ የከረመ ሰው ነው። አሁን በአንድ ሳምንት ውስጥ አመለከተ። ቸርቹ ጸሎት ያዘለት። ሂሩት ትንሿን ክፍል ቀለም አስቀባች፤ አልጋ ገባ፤ እማማ ይበርዳቸዋል ተብሎ ወፍራም ብርድ ልብስ ተገዛ።

የዜግነቱ ኢንተርቪው ሲጠበቅ ይዲድያ ዕቃ የሚያመላልስ ኩባንያ ውስጥ ተቀጠረና ለሥልጠና ወደ ሰሜን፣ ዱሉዝ ከተማ ሄደ። በረዶው መንገድ ዘጋ፣ ሥልጠናውም ተራዘመ። ሙላው ከፋብሪካ ወጥቶ መኪናው እስኪሞቅ ሲጠብቅ ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ ፕሊስ ፕላንቶቼን ውሃ አጠጣልኝ። ቁልፉ ከማሞቂያው ጀርባ ነው። ለማንም አትንገር።»

መኪናው ሞቆ ካበቃ በኋላም ተቀምጦ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። በሦስት ክረምት ውስጥ ልጁ አንድ ነገር ሲጠይቀው ይህ የመጀመሪያው ነው። ደስ አለው። «ለማንም አልናገርም» ብሎ መለሰ።

ቡፌውን ሲከፍት ተክሎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። አንጀቱን በሉት። አጠጣቸው። በማግስቱ ሲያያቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ፎቶ አንሥቶ ላከ። «ናይስ አባ!» የሚል መልስ መጣ። ከዚያማ ማን ያቁመው! ከሥራ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ታች ይወርዳል። ቢጫ የሆነውን ቅጠል ይለቅማል፤ ማራገቢያዋ ሲጢጥ ስትል ዘይት ጠብ ያደርግላታል። «ይኼኛው ለምን አጠረ?» ብሎ ይጽፋል፤ ልጁ ይመልሳል። በሦስት ዓመት ስለ ምንም ያልተነጋገሩ ሰዎች በጥቂት ቀን ስለ ቅጠል ብዙ ተነጋገሩ።

ይዲድያ የተመለሰ ዕለት ሂሩት ከደረጃው ላይ ሆና ወደ ታች ስታይ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ቡፌው ውስጥ አንገታቸውን አስገብተዋል። ምን እንዳሉ አልሰማችም፤ ይዲድያ ግን ይስቅ ነበር። ሂሩት ያንን ተክል አሁንም አልወደደችውም። ኮቴዋን ሳታሰማ ተመለሰች።

ለኢንተርቪው ያዘጋጀችው ሐጌ ናት። ሪችፊልድ የምትኖር ነርስ ስትሆን፣ የቸርቹን ሰው ግማሽ አስጠንታ ያስማለች ሴት ናት። ሙላውና ሂሩት ቅዳሜ ቤቷ ሄዱ። የታሪኩን ጥያቄ አንድም ሳይስት መለሰ። «አሁን የ‹ኖ› ጥያቄዎች ናቸው፤ ጋሽ ሙላው» አለችው ሐጌ። «እዚህ ላይ አያስቡ። ለሁሉም ኖ ይበሉ።»

«እስር ቤት ገብተው ያውቃሉ?»

«ኖ።»

«በአንድ ጊዜ ሁለት ሚስት አግብተው ያውቃሉ?»

«ኖ» አለ፤ ሂሩት «አንዷንም አልቻላት» ብላ አሳቀቻቸው።

«በሕይወትዎ አንድ ጊዜ እንኳ የተከለከለ ዕፅ አብቅለው፣ ሸጠው ወይም አዘዋውረው ያውቃሉ?»

የሙላው ሳቅ ከፊቱ ላይ ወረደ። «ካናቢስ ተፈቅዷል አይደል?» አለ ቆይቶ።

«እሱ የስቴቱ ሕግ ነው። ኢሚግሬሽን በፌዴራል ነው የሚሄደው፤ እዚያ አሁንም ክልክል ነው። ምነው?»

ለማንም አልናገርም ብሎ ለልጁ ቃል ገብቷል፤ አልተናገረም። በየቀኑ ወደ ታች ሲወርድ ታየው የነበረችው ሂሩት ናት ያላስቻላት። «ውሃ ማጠጣትም ይቆጠራል?» አለች በቀጭኑ።

ሐጌ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አለች። «እርስዎም ኖ ይበሉ፤ ጋሽ ሙላው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሂሩት አፏን ያሳረፈችው መብራት ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው።

«ውሃ ነው ያጠጣኸው! ውሃ! ደሃ እንኳ ለደሃ ውሃ ያጠጣል!»

«እና ምን ልበል?»

«ኖ ነዋ! አንዲት ቃል ናት።»

«አምለው ነው የምገባው ሂሩት።»

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዋሽተው እግዚአብሔር ያልተቀየማቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ጠራችለት፤ እሱም ሁሉንም ያውቃቸዋል። ቤታቸው በር ላይ መኪናውን ሲያቆም ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ያን እሁድ እውነት ተናግረህ ልጅህን አጣህ። ገና መመለሱ ነው። አሁን ደግሞ እናትህን ልታጣ ነው?»

ሙላው ፈራ። እናቱ ባዶ ቤት ውስጥ በር ሲንኳኳ ለመነሣት ሲጥሩ ታዩት።

ለይዲድያ ነገሩን የነገረችው ሂሩት ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ሙላው ከሥራ ሲገባ ቡፌው ሳሎን ውስጥ፣ የድሮ ቦታው ላይ ቆሟል። መስታወቱ ተወልውሏል፤ መደርደሪያዎቹ ተመልሰዋል፤ ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደርድረዋል። ተክሎቹ ማበብ ጀምረው ነበር፤ ለመድረስ የቀራቸው ጥቂት ነበር።

«ዘይ አር ጎን፤ አባ» አለ ይዲድያ። «ሁሉንም ቆረጥኩት። አሁን ምንም የለም። ኖ በላቸው፣ ኦኬ?»

ሙላው ልጁን አቀፈው። ጥያቄው ስለ አሁን እንደማይጠይቅ ሊነግረው አፉ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠው። እንዲህ ያለውን ነገር ሲውጥ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ለኢንተርቪው ያደረሰው ይዲድያ ነው፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ቀረ። ኦፊሰሯ መነጽር ያደረገች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ነበረች። ቀኝ እጁን አንሥቶ ማለ። የታሪኩን ጥያቄ መለሰ፤ «ቬሪ ጉድ» አለችው። የ«ኖ» ጥያቄዎች መጡ። ኖ። ኖ። ኖ። ኦፊሰሯ ከስክሪኑ ቀና ሳትል ታነባለች። የተከለከለ ዕፅ ጋ ደረሰች።

«የስ» አለ ሙላው።

ጣቶቿ ቆሙ። አየችው። መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ እንግሊዝኛው አምልጦት ከሆነ ብላ ጥያቄውን ቀስ አድርጋ ደገመችለትና «ገብቶዎታል?» አለችው። ወለል ብሎ የተከፈተ በር ነው። ሰው የሆነ ሁሉ ይገባበታል።

«ገብቶኛል። ካናቢስ ነው። ቤቴ ውስጥ። ውሃ አጠጥቻለሁ፤ ቅጠል ለቅሜያለሁ።»

«ተክሉ የማን ነው?»

ሙላው እሁዷን አየ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ልጁን ሲያየው፣ ልጁ መሬት መሬት ሲያይ። ይዲድያ እዚህ የተወለደ ሲቲዝን ነው፤ ስሙን ቢጠራው ኢሚግሬሽን ምንም አያደርገውም። የአጠጪና የባለቤት ጥፋት ደግሞ አንድ እንዳልሆነ ሙላው አላጣውም። ቢሆንም ያንን ስም አንዴ ሰው ፊት አውጥቶት ያመጣበትን ያውቃል።

«የኔ ነው» አለ።

ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ለመዳን ይዋሻል፤ ሙላው በስተርጅና ዋሽቶ የዋሸው ለመጥፋት ነው። ኦፊሰሯ አፍንጫዋን ጠረገችና መጻፍ ጀመረች።

«ሃው ዲድ ኢት ጎ?» አለው ይዲድያ መኪናው ውስጥ።

«መልሱ በፖስታ ይመጣል» አለ። ይህኛው እውነት ነበር።

መጣም። አልተፈቀደለትም። ያማከሩት ጠበቃ ወረቀቱን አንብቦ፣ አምስት ዓመት ምንም ሳይነካ ቆይቶ እንደገና ቢያመለክት ይሻላል አለ። ሂሩት ሁለት ቀን አላናገረችውም፤ በሦስተኛው ቀን ምሳውን ስትቋጥር «ሞኝ» አለችውና አለቀሰች። የእማማን ክፍል በር ዘጋችው።

እሁድ ሙላው ሳሎን ተቀምጦ ለእናቱ ደወለ። ፀሎት ስልኩን ይዛላቸዋለች፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡ።

«ከለከሉኝ፤ እማዬ።»

«ምን አድርገህ?»

«እዚህ የማይፈቀድ ተክል አሳድጌ። የሚጨስ ነው።»

«ታጨሳለህ እንዴ?»

«ኧረ አላጨስም።»

«ታዲያ ምን አደረግህበት?»

«ውሃ አጠጣሁት።»

ወይዘሮ ማሚት ሌላ ነገር ይጨምር እንደሆነ ጠበቁ። አልጨመረም። «የማን ተክል ነው?» አሉ።

ሙላው ቀና ሲል ይዲድያ ደረጃው ላይ ቆሟል። «የኔ» አለ።

እናቱ በሳቅ ተንከተከቱ። «አንተ? ጓሮ ያለውን ጎመን አጠጣ ስልህ ድራሽህ ይጠፋ የነበርከው?»

ይዲድያ በአማርኛ ለመመለስ ይሰንፋል እንጂ ሲሰማ አያመልጠውም። ለኦፊሰሯም እንደዚሁ ብሎ እንደሆነ አባቱን በዓይኑ ጠየቀው። ሙላው ዓይኑን ሰበረ። ልጁ ደረጃውን ወርዶ ከአባቱ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ትከሻው ትከሻውን ነካ። ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ።

«እማማ፣ የኔ ነበር። ማይን። አባ ውሃ ብቻ ነው የሰጠው። እኔ ነኝ ስጠው ያልኩት... አጠጣ ያልኩት።»

«አውቃለሁ፤ የኔ ልጅ። አባትህ መዋሸት መቼ ይችልበትና!»

አባትና ልጅ ተያዩ። ወይዘሮ ማሚት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ጊዜ ቆይ አሉህ?»

«አምስት ዓመት።»

«አምስት ዓመት ምን አላት» አሉ። «እጠብቃለሁ። እኔን ምን አስቸኮለኝ?»

እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ፣ ፀሎት ስልኩን ከፊታቸው አዞረችው፤ ስክሪኑ ላይ የቤቱ ጣሪያ ብቻ ታየ።