ሳይከፈት የመጣው ደብዳቤ

ቀዩ የማኅተም ሰም ጫፉ አልቀለጠም ነበር። ሄስተር ቶርሊ ይህን ያየችው ማክሰኞ ጠዋት፣ የጽሕፈት ጠረጴዛዋን መሳቢያ ልትዘጋ ስትል ነው። ቀዩ እንደ ተገዛ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ጥቁሩ ግን ጫፉ ቀልጦ ተጣሟል። ትናንት ሻማ ላለማባከን ብላ በድንግዝግዝ ነበር ደብዳቤዋን ያሸገችው። የፖስታ ሠረገላው ደግሞ ገና ጎህ ሳይቀድ ሄዷል።

ጥቁር ማኅተም የሚያወራው አንድ ወሬ ብቻ ነው፤ ሰው ሞቷል። ደብዳቤው የሚሄደው ፖርትስመዝ ወደብ ወዳለው ባሏ፣ ወደ ካፒቴን አምብሮዝ ቶርሊ ነው። በዚህ ቤት ደግሞ እሱ የሚያለቅስላት አንዲት ልጅ ብቻ ቀርታለች፤ የስድስት ዓመቷ ፊቢ።

«ዶርካስ!»

ዶርካስ ሄስተርን ራሷን ያሳደገች ሞግዚት ናት። ዛሬ የቤቱ አብሳይም፣ ልብስ አጣቢም፣ ተቆጪም እሷው ናት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

«ደግሞ ምን ተሰበረ?»

«በጥቁር አሽጌ ላክሁት።»

አሮጊቷ መሳቢያውን አየት አደረገችው። «እሰይ! አንድ ቀን ይደንግጥ። አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ደንግጠሽ የለ?»

«እንዲህ አይባልም።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ ልጄ? ይከፍተዋል፣ ያነበዋል፣ ልጅቷ ደህና መሆኗን ያውቃል። ሰም ሰው አይገድልም።»

ሰም ሰው ባይገድልም ሞትን ይጠራ እንደሆነ ማን ያውቃል? ሄስተር ደረጃውን ወጥታ የተኛችውን ልጅ ግንባር ዳሰሰች። ትናንት ሁለት ጊዜ አስሏታል። ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው። ቢሞቅ ትፈራ ነበር፤ መቀዝቀዙንም ፈራችው።

«እማዬ፣ እጅሽ በረዶ ነው» አለች ፊቢ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ሄስተር ወርዳ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች። «ሁላችንም ደህና ነን፤ ማኅተሙ ስሕተት ነው» ብላ በቀዩ አሸገችው። የሚቀጥለው ሠረገላ ግን ሐሙስ ነው። ይህ እስኪደርስ ያኛው የሚሠራውን ሠርቶ ይጨርሳል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጡም ቢሆን ደስ የሚል ነገር አልነበረውም። ጦርነቱ አልቆ የአምብሮዝ መርከብ ሥራ ፈትታለች። ከወር በፊት እንዲህ ሲል ጽፎ ነበር፦ «ወደ ሕንድ የምትሄድ መርከብ ሰጥተውኛል፤ አራት ዓመት ነው። ና ካልሽኝ ትቼው ወደ ቤቴ እመጣለሁ። ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ።» ሄስተር ሦስት ሳምንት ስታወጣ ስታወርድ ከረመችና ሰኞ ማታ መለሰችለት። ሂድ አለችው።

ለምን እንዳለችው መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት የአሥራ አራት ወሩ ልጃቸው ጆስ በጉሮሮ በሽታ ሞተ። አባቱ ያን ጊዜ ባሕር ላይ አልነበረም፤ እዚያው ፖርትስመዝ፣ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበር። ጥቁር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላከችለት። ሬሳው እስከሚችለው ድረስ ሳይቀበር ቆየ። አልመጣም። ትንሿን የሬሳ ሣጥን የዶርካስ ወንድም በብብቱ ስር ይዞ ወሰዳት። አምብሮዝ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጢሙ አድጎ ብቅ አለ። ምክንያት አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም። በሳምንቱ ወደ መርከቡ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የማታ ጸሎት ላይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ሲደርሱ የሄስተር ከንፈር አይንቀሳቀስም። እግዚአብሔርን ከመዋሸት ዝም ማለት ይሻላል ብላ ነው።

ረቡዕ ዘነበ። ሐሙስም ዘነበ። ያን ዓመት ፀሐይ የሄደችበት አልታወቀም፤ በዚያ አገር በጋ የሆነው ሰኔ ገብቶ እንኳ ምድጃው አልጠፋም፤ ገብሱም በየማሳው እየሻገተ ነው። ሄስተር መስኮት ስር ተቀምጣ የምታስበው መዓት አላጣችም። ፈረሱ ቢያዳልጠው፣ ድልድዩን ጎርፍ ቢወስደው፣ ደንግጦ ልቡ ቀጥ ቢል። ደግሞ መልሳ ለራሷ ትስቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልመጣ ሰው አሁን ምን ሊያመጣው?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የኪራይ ፈረስ እስከ ሆዱ ጭቃ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ፊቢ እናቷን ቀድማ በሩን ከፈተች። የቆመው ሰው ባርኔጣው ላይ የሐዘን ጥቁር ጨርቅ አስሯል።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለችው። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል።

ሰውየው እዚያው እርጥቡ ደፍ ላይ ቁጭ አለ። ጉንጯን ነካ፤ ጆሮዋን ነካ።

«ፊቢ?»

«አዎ። አንተ ካፒቴኑ ነህ? ሥዕልህ ላይ ወፍራም ነህ።»

«ወፍራምም ሆነ ቀጭን በሩን ይዝጋ!» አለች ዶርካስ ከጓዳ እየወጣች። «ዝናቡ ገባ። ይግቡ እንጂ ጌታዬ። ኧረ ጫማዎን!» ይህን ስትል ግን ድምጿ ተሰብሮ ነበር።

ፊቢን ወደ ጓዳ ወሰደቻትና ባልና ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ለብቻቸው ቀሩ። አምብሮዝ ከደረት ኪሱ ደብዳቤውን አወጣ። ወረቀቱ ረጥቧል። ጥቁሩ ማኅተም ግን እንዳለ ነው።

«አልከፈትከውም?» አለች ሄስተር።

«ማኅተሙን አየሁ፤ ከዚያ ፈረስ ፈለግሁ።»

«ከፍተኸው ቢሆን ልጅህ ደህና መሆኗን እዚያው ታውቅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ዝናብ...»

«መክፈት አልችልም።» እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። «የጆስ ጊዜም እንዲሁ ነው። ዘጠኝ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እስካልከፈትኩት ድረስ ከሁለቱ ልጆች የትኛው እንደሞተ አላውቅም። እስካላወቅሁ ድረስ ሁለቱም አሉ። መድፍ ፊት ቆሜአለሁ፣ ሄስተር። ያን ወረቀት ግን ፈራሁት። አንቺ ብቻሽን ስትቀብሪ እኔ ኪሴን ይዤ እዞር ነበር። ፍረጂኝ ብዬ እንጂ ማሪኝ ብዬ አይደለም የምነግርሽ። አሁን ግን ባልከፍተውም መጣሁ።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ፈራሁ ብዬ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስታየው የኖረችው ካርታ ሲጫወት፣ ከመኮንኖች ሚስቶች ጋር ሲደንስ ነበር። ኪሱን ይዞ የሚዞር ሰው አንድም ቀን አልታያትም። ተቀመጠች። ማንም የማያውቀው፣ ለዶርካስም ያልነገረችው ነገር ነበራት።

«እኔም ሐኪሙን አላስጠራሁም» አለች።

«ምን?»

«ጆስ የታመመ ለት። ማምሻውን ትንፋሹን ሰምቼ ነበር። ሐኪም ከመጣ እውነት ይሆናል ብዬ እስኪነጋ ዝም አልኩ። አንተ ዘጠኝ ቀን፣ እኔ አንድ ሌሊት። የእኔዋ አንዷ ሌሊት ግን ምናልባት...»

«ተይ። ሐኪሙ ራሱ የዚያን ዓመት ስንቱን ልጅ ቀበረ።»

«ምናልባት ነው ያልኩት። ሁልጊዜ ምናልባት ነው።»

አለቀሰች ማለት አይቻልም፤ ለማልቀስም ደክሟት ነበር። እሱም አልተጠጋትም። እንጨቱ ተንጣጣ። ከጓዳ ፊቢ ስትስቅ ተሰማ።

«አሁን ክፈተው» አለች በመጨረሻ።

«እሳት ውስጥ ልጣለው?»

«አይሆንም። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ያልተከፈተ ደብዳቤ አይኖርም።»

ማኅተሙን ሰበረው። ቆሞ አነበበ። ሄስተር እያንዳንዱን መራራ ቃል በልቧ ታውቀዋለችና ዓይኑ የት መስመር ላይ እንደደረሰ ሳይቀር ገባት። ጨርሶ አጠፈው።

«እውነትሽን ነው። እሄዳለሁ። ለዛሬ እዚያ ታች እንግዳ ማረፊያው አድራለሁ።»

«የዚያ ቤት አልጋ እርጥብ ነው። ሳንባህን ይይዝሃል፤ የማስታምምህም እኔው ነኝ።»

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለች ዶርካስ ከበሩ ጀርባ።

አምብሮዝ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። «ይቅር ብለሽኛል?»

«አላውቅም። ደክሞኛል። ያ ደብዳቤ ሰኞ የነበረችው ሴት የጻፈችው ነው፤ እሷም ደክሟት ነበር። ይቅርታውን ነገም ከነገ ወዲያም እንሞክረዋለን። ግን እዚህ ሆነህ። መርከቡን አልፈልግም ብለህ ነገ ጻፍላቸው። ሰሙን እኔ እሰጥሃለሁ።»

ማታ አራቱ ተንበረከኩ። ጸሎቱን የምትመራው ፊቢ ናት፤ ጥርሷ ስለሌለ ቃላቱ ያፏጫሉ። የበደሉንን የሚለው ጋ ሲደርሱ የሄስተር ድምፅ ሻክሮ፣ ዘግይቶ ወጣ። ፊቢ አንድ ዓይኗን ገልጣ እናቷን አየቻትና መልሳ ጨፈነች።

ከዚያ ሄስተር እንደ ልማዷ ትልቁን ቁልፍ ይዛ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ ሦስት ጊዜ እየተነሳች፣ ተቆልፎ እንደሆነ መያዣውን ስትነቀንቅ ኖራለች። አምብሮዝ ከባርኔጣው ላይ ጥቁሩን ጨርቅ እየፈታ ደረጃው ስር ቆሟል። ውጭ ዝናቡ አላባራም።

«ውጭ የቀረ አለ?» አለ።

ሄስተር መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ደረጃውን የምትወጣዋን ልጅ አየች።

«የለም» አለችና ቁልፉን አዞረችው።