የእትዬ ሳዳት ምራቅ

በናሪን ተራሮች ሕፃን ሲወለድ፣ ጠባዩን እንዲወርስ ደግ ሰው ተፈልጎ አፉ ውስጥ እንትፍ ይልለታል። ጉልባይራ ለሴት ልጇ የመረጠችው አንድ ጭምት ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌውን በረዶ መንገድ ዘጋባቸውና ነገረኛዋ የባሏ አክስት እትዬ ሳዳት ቀድመው ደርሰው እንትፍ አሉላት።

ልጅቷ ኡልፓት ከፍ ስትል የሰፈሩን ልጆች አንድ በአንድ ተጣልታ ጨረሰች። ጉልባይራም፣ «ምን ላድርግ፣ የእትዬ ሳዳት ምራቅ ነው» እያለች ለጎረቤቱ ታወራ ነበር።

ወሬው የደረሳቸው አክስት ሻይ ሊጠጡ መጡ።

«ስሚ፣ ያን ዕለት ጥርሴን አሞኝ ምራቅ የሚባል አልወጣኝም። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ያስመሰልኩት።»

«ውሸትዎን ነው!» ጉልባይራ ጠረጴዛውን ደበደበችው። «እስቲ ይማሉ! አሁኑኑ ይማሉ!»

ኡልፓት ከእናቷ ጎን ቆማ ጠረጴዛውን በዚያው ልክ ደበደበች።

ባልየው ቀና ሳይል ለአክስቱ ሻይ ጨመረላቸው።